የማያረጁት ካውንቴሶች

ነገሩ የሚጀምረው በአውሮፓ ክረምት፣ ኦስተንድ በምትባል የቤልጂየም የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ኦስተንድ የበጋ ከተማ ናት። ሙቀቱ ሲመጣ ሰው ይተራመስባታል፤ ብርዱ ሲገባ መንገዷ ጭር ይላል። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ትልቅ ሆቴል አለ። ከአንድ ክፍል በቀር ሁሉም ባዶ ነው። በዚያች ክፍል አዲስ ተጋቢዎች አርፈዋል፤ ወደ እንግሊዝ የሚያሻግራቸው መርከብ አምልጧቸው።

መሸ። አንድ መኪና መጥቶ ከሆቴሉ ደጅ ቆመ። ሴት ወረደች። ፀጉሯ ወርቃማ፣ ከንፈሯ ቀይ፣ አረማመዷ ምንም የሚያስቸኩላት እንደሌለ የሚናገር። ከኋላዋ ጥቁር ፀጉር ያላት ወጣት ጸሐፊዋ ትከተላለች። የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ ቀና ብሎ አያትና ደነገጠ። ከአርባ ዓመት በፊት፣ እሱ የሆቴል ተላላኪ ልጅ ሳለ፣ ይህችኑ ሴት እንዳያት ነገራት። ያኔም ልክ እንዲህ ነበረች፤ ፊቷ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጨመረም። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ያየኸው እናቴን ይሆናል አለችው። ሰውዬው ምን ይበል? ቁልፉን ሰጣት።

ስሟ ካውንቴስ ኤልዛቤት ባቶሪ ነው። ፊልሙ የ1971 ነው፤ ፈረንሳይኛ ስሙ «ቀያይ ከንፈሮች»፣ እንግሊዝኛ ስሙ «የጨለማ ሴት ልጆች»። (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደማወራችሁ አንድ ጊዜ ልናገርና ይብቃኝ።) የማጫውታችሁ ስለዚች ሴትና ስለ እህቶቿ ነው። ከ1960 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ከሮም እስከ ኢስታንቡል፣ ከለንደን እስከ ኖርማንዲ ዳርቻ፣ የአውሮፓን ርካሽ ሲኒማ ቤቶች ሞልተው ስለነበሩት ደም መጣጭ ሴቶች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ አብዛኞቹ ፊልሞች የተሠሩት ራቁት ገላ አሳይቶ ትኬት ለመሸጥ ነው። ነገር ግን ገበያው ገላ ፈልጎ መጥቶ ያላሰበው ነገር ገጠመው። ተዋናዮች ገጠሙት።

መጀመሪያ እውነተኛዋ ባቶሪ ትምጣ። በ1560 ተወለደች፤ የሃንጋሪ ትልልቅ መሳፍንት ዘር ናት። ባሏ በ1604 ሞተና ሰፊ ርስትና ብዙ ግንብ ይዛ ቀረች። በ1610 መጨረሻ፣ የንጉሡ እንደራሴ የነበረው ቱርዞ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ወደሚገኘው የቻህቲሴ ግንቧ ዘልቆ ያዛት። ወጣት ሴት አገልጋዮቿን እያሰቃየች ትገድላለች የሚል ክስ ነበረባት። በመቶ የሚቆጠሩ ምስክሮች ቃላቸውን ሰጡ። አብረዋት የተከሰሱት አብዛኞቹ አገልጋዮቿ ተፈርዶባቸው ተገደሉ። እሷ ግን ችሎት ፊት ሳትቆም፣ ራሷን ተከላክላ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ በገዛ ግንቧ ተዘግቶባት በ1614 ሞተች። ንጉሡ ለባሏ ብዙ ዕዳ ነበረበት፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ነገሩን ከዚህ ጋር ያያይዙታል፣ ሌሎች ደግሞ ወንጀሉ እውነት ነው ይላሉ። እኔ ዳኛ አልሆንም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ስለ ባቶሪ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በድንግል ልጃገረዶች ደም ትታጠብ እንደነበር ነው፤ ቆዳዋ እንዳያረጅ። ይህ ነገር ከምስክሮቹ ቃል ውስጥ የለም! በጽሑፍ የወጣው በ1729፣ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ነው። ሀብታም መበለት በጭካኔ ብቻ መግደሏ ለሰዉ አልበቃውም። ለመልኳ ብላ መግደል ነበረባት። ከዚያ ወዲያ ታጥባም ሆነ ሳትታጠብ፣ ባቶሪ ከመታጠቢያ ገንዳው ወጥታ አታውቅም።

የሁለተኛይቱ ደም መጣጭ፣ የካርሚላ፣ አባት ደብሊናዊ ነው። ሸሪዳን ለ ፋኑ ይባላል፤ «ካርሚላ» የተባለችውን ረጅም ልብወለዱን በ1871 እና በ1872 አሳተመ። ድራኩላን የጻፈው ብራም ስቶከርም የደብሊን ልጅ ነው፤ ግን የእሱ መጽሐፍ የወጣው በ1897 ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ወንዱን በ25 ዓመት ትቀድመዋለች፤ እንዲያውም እሷ ባትኖር እሱ እንዲህ ሆኖ አይገኝም ነበር። ታሪኩ ኦስትሪያ ውስጥ ነው። ሎራ የምትባል ልጅ ከአባቷ ጋር ጫካ ውስጥ ባለ ግንብ ብቻዋን ታድጋለች። አንድ ቀን ሠረገላ ይገለበጥና ከውስጡ የወጣች ቆንጆ ልጅ በእንግድነት ትቀራለች። እንግዳዪቱ ቀትር ካላለፈ ከመኝታዋ አትነሣም፤ የቀብር መዝሙር ስትሰማ ይዘገንናታል፤ ሎራን እቅፍ አድርጋ የፍቅር ቃል ታንሾካሹካለች። በመንደሩ ልጃገረዶች ተራ በተራ ይሞታሉ፤ ሎራም ትገረጣለች። በመጨረሻ መቃብሩ ይከፈታል፣ እንጨቱ ልቧ ላይ ይተከላል። ወንዶቹ ተገላገልን ይላሉ። ሎራ ግን ዓመታት ቆይታ ስትተርከው እንኳ ናፍቆቷ አልወጣላትም። ለ ፋኑ ይህን የጻፈው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ ሁለት ሴቶች ይፋቀራሉ ብሎ መጻፍ በማይታሰብበት ዘመን። ንክሻ ብሎ ጻፈውና አለፈ።

ፊልም ሠሪዎቹ ከለ ፋኑ የወረሱት ብልሃት ይኸው ነው። ሳንሱር የሚቆጥረው አልጋ ላይ የሚሆነውን ነው። አንገት ላይ የሚሆነውን ግን የሚከለክል ሕግ የለም።

ዴንማርካዊው ካርል ድሬየር በ1932 ከለ ፋኑ መጽሐፍ ተነሥቶ «ቫምፒር»ን ሠራ፤ ድንቅ ፊልም ነው፣ ግን የእሱ ደም መጣጭ አሮጊት ናትና ከመንገዳችን ውጪ ናት። እኛ ወደ ሮም እንለፍ። ሪካርዶ ፍሬዳ የተባለ ዳይሬክተር በ1957 የወጣውን «ደም መጣጮች» የሚል ፊልም ሲሠራ ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር ተጋጭቶ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ካሜራማኑ ማሪዮ ባቫ በሁለት ቀን ጨረሰው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ዱቼስ በልጃገረዶች ደም ወጣትነቷን ትጠብቃለች። ባቶሪ ስሟን ቀይራ መጣች ማለት ነው። በአንዲት ትዕይንት፣ ካሜራው ሳይቋረጥ፣ ዓይናችን እያየ የዱቼሷ ፊት ይሸበሸባል፣ ይጠወልጋል፣ ያረጃል። እንዴት አደረገው? የፊቷ መጨማደድ በአንድ ቀለም ተሥሏል፤ በላዩ ላይ የዚያው ቀለም መብራት ሲበራ ሥዕሉ ይጠፋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የመብራቱን ቀለም ተመልካች አያውቅም። ባቫ መብራቱን ቀስ እያለ ወደ ሌላ ቀለም ሲለውጠው ሽብሽቡ ከቆዳዋ ውስጥ የወጣ ይመስላል። ኮምፒውተር የለ፣ ገንዘብ የለ፤ አንድ መብራትና የሚያስብ ጭንቅላት ብቻ።

ይኸው ባቫ በ1960 የራሱን ፊልም ሠራ፤ «የሰይጣን ጭምብል»። አንዲት ልዕልት በጥንቆላና በሰይጣን አምልኮ ተከሳ ትፈረድባለች፤ የፈረደባት ወንድሟ ነው። ውስጡ ሚስማር የተተከለበት የነሐስ ጭምብል ፊቷ ላይ ያስቀምጡና በትልቅ መዶሻ ይመቱታል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም መቃብሯ ላይ እጁን ይቆርጠዋል፤ የደም ጠብታ ትወርድባታለች። ፊቷ በሚስማሩ ቀዳዳ እንደተበሳሳ ዓይኗ ይገለጣል። እንግሊዝ ይህን ፊልም እስከ 1968 አግዳው ቆይታለች።

ልዕልቲቱን የሠራችው ባርባራ ስቲል ናት፤ በ1937 የተወለደች እንግሊዛዊት። በፊልሙ ሁለት ሰው ሆናለች፤ የተረገመችውም፣ መልኳን የወረሰችው ንጹሕ ልጅም እሷው ናት። ዓይኗ ትልቅ፣ ጉንጯ የጎደጎደ፤ አንዴ ስታዩዋት ትማርካችኋለች፣ ዞር ስትል ታስፈራችኋለች። ባቫ መብራቱን ከታች ሲያደርገው ሌላ ሴት፣ ከላይ ሲያደርገው ሌላ ሴት። እንግዲህ ከዚያ በኋላ በጣሊያን የተሠራ አስፈሪ ፊልም ሁሉ ይህችን ፊት ሲፈልግ ኖረ። የሚገርመው ግን ድምጿ ነው። በፊልሙ የምንሰማው ድምፅ የእሷ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የተናገረላት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ደጋግማ ትመጣለች።

በዚያው በ1960 ፈረንሳዊው ሮጀ ቫዲም «ካርሚላ»ን በቀለም ሠራት፤ ሚስቱን አኔት ቫዲምን ካርሚላ አድርጎ። አትክልት ቦታው ያማረ፣ ቀሚሱ ያማረ። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ1946 የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ትኬት ሸጠው ነበር፤ በ1970 ከ200 ሚሊዮን ያነሰ ሸጡ። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ቴሌቪዥን የማያሳየው ምንድን ነው? ደምና ራቁት ገላ። በዚያ ላይ የሳንሱሩ በር እየላላ ነበር፤ እንግሊዝ በ1970 የአዋቂዎችን ፊልም የዕድሜ ገደብ ከ16 ወደ 18 ከፍ ስታደርግ፣ ፊልም ሠሪው «እንግዲያው ለአዋቂ የሚሆነውን እናሳይ» አለ። ሃመር የሚባለው የለንደን ኩባንያ ክሪስቶፈር ሊን ድራኩላ አድርጎ ለዓመታት ሲያተርፍ የኖረ ነው፤ አሁን ኪሱ እየሳሳ ሄዷል። የአሜሪካ ሸሪክ አገኘና ካርሚላን ከመቃብሯ ጠራት። የሳንሱሩ ቢሮ ጽሑፉን አይቶ ሁለት ሴቶች እንዲህ ሲሆኑ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሃመር ምን ቢል ጥሩ ነው? መጽሐፉ ውስጥ አለ! መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ የተከበረ ሥነ ጽሑፍ ነው! ለ ፋኑ ከሞተ በኋላ ጠበቃ ሆኖ ቆመላቸው።

ፊልሙ «ደም መጣጭ ፍቅረኞች» ነው፤ የ1970። ካርሚላን የሠራችው ኢንግሪድ ፒት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የፒት ሕይወት ከሠራቻቸው ፊልሞች ሁሉ ይበልጣል። ዋርሶ ውስጥ በ1937 ተወለደች። እናቷ አይሁዳዊት ነበረች፤ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ሽቱትሆፍ በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ታስራለች። ከጦርነቱ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ሄዳ ቲያትር ጀመረች። ፖሊስ ሲፈልጋት ማታ ሸሽታ ሽፕሬ ወንዝ ውስጥ እንደገባች፣ ከወንዙ ያወጣት አሜሪካዊ ወታደር በኋላ ባሏ እንደሆነ ራሷ ተርካለች። በ1968 ከሪቻርድ በርተንና ከክሊንት ኢስትዉድ ጋር በአንድ የጦርነት ፊልም ላይ ታየች። ከዚያ ሃመር ጠራት።

የጠሯት ልብሷን እንድታወልቅ ነው፤ አወለቀችም፣ አላፈረችም፣ ኋላም ስትጠየቅ እየሳቀች ታወራው ነበር። እኔ ግን የማልረሳው ሌላ ትዕይንት ነው። አንዲት የድሃ ልጅ ሞታ ሬሳዋ በመንገድ ሲያልፍ ካርሚላ ታያለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች። ልጅቷን የገደለቻት ራሷ ናት፤ ግን ሞትን ማየት አትችልም። ለጽሑፉ ይህች ትዕይንት መሸጋገሪያ ናት። ፒት ግን መሸጋገሪያ አላደረገቻትም። ሞትን መፍራት ምን እንደሆነ ለዚህች ሴት ማንም ዳይሬክተር ማስተማር አላስፈለገውም።

በሚቀጥለው ዓመት ሃመር ባቶሪንም አሠራት፤ «ካውንቴስ ድራኩላ»። አሮጊቷ ካውንቴስ ደም ሲነካት ወጣት ትሆናለች፣ የራሷን ልጅ መስላ ወጣት ወንድ ትወዳለች፤ ደሙ ሲያልቅ ከበፊቱ ይልቅ ታረጃለች። ገንዘብ ስላልነበረ ለሌላ ታሪካዊ ፊልም ተሠርቶ የቀረ ቤተ መንግሥት ተጠቀሙ። ፊልሙ ሲወጣ ፒት የራሷን ድምፅ አላገኘችም። የሌላ ሴት ድምፅ ለጥፈውበታል። የፖላንድ ቅላጼዋን ጠልተው ይሁን ሌላ፣ ነገሩ በጣም አናዷታል።

ሃመር ከካርሚላ ዘር ሁለት ተጨማሪ ፊልሞች በ1971 አወጣ። አንደኛውን ባታዩት ምንም አይቀርባችሁም። ሌላው፣ «የክፋት መንትዮች»፣ ፒተር ኩሺንግ አለበት፤ ሚስቱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሞታበት፣ ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ። ሌሊት በፈረስ እየዞረ ብቻዋን የምትኖር ሴት ሲያገኝ ጠንቋይ ናት ብሎ የሚያቃጥል ሃይማኖተኛ ሆኗል። ፊልሙ ደም መጣጭ አለው፤ የሚያስፈራው ግን ሰውዬው ነው።

ወደ ስፔን እንሂድ። በዚያን ጊዜ ስፔንን የሚገዛው ጄኔራል ፍራንኮ ነበር፤ ደም መጣጭ ሴቶችን ያበዛው ዳይሬክተርም ፍራንኮ ይባላል፤ ሄሱስ ፍራንኮ፣ ማድሪድ በ1930 የተወለደ። ዘመድ አይደሉም። እንዲያውም የጄኔራሉ ሳንሱር ነው ዳይሬክተሩን ከአገር ያስወጣው። በስፔን ራቁት ገላ ክልክል ነበርና ሰዎቹ አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ይቀርጹ ነበር፤ ለአገር ቤት በልብስ፣ ለውጭ ገበያ ያለ ልብስ። ሄሱስ ፍራንኮ ግን ጭራሹን የጀርመን ገንዘብ ይዞ ሌላ አገር እየሄደ ይሠራ ነበር። በሕይወቱ ስንት ፊልም እንደሠራ ቆጣሪዎቹ አይስማሙም፤ ከመቶ ሃምሳ እንደሚያልፍ ግን ይስማማሉ። አብዛኛው ችኩል ነው፤ ካሜራው ወደፊት ይሳባል፣ ወደኋላ ይሸሻል፣ አንዳንዴ ምኑን እንደሚያይ ራሱም የማያውቅ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ሴት ተነሥታለች። ሶሌዳድ ሚራንዳ በ1943 ሴቪያ ውስጥ ተወለደች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዳንሰኛና ዘፋኝ ነበረች። ከፍራንኮ ጋር በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ብዙ ፊልም ሠራች። ከእነዚያ ዋነኛው በ1970 በቱርክ የተቀረጸው «ቫምፒሮስ ሌስቦስ» ነው። ሊንዳ የምትባል ሴት በሕልሟ አንዲት ሴት ትጠራታለች። ለሥራ ወደ አንዲት ካውንቴስ ደሴት ስትሄድ በሕልሟ ያየቻት እሷ ሆና ታገኛታለች። ካውንቴሷ የድራኩላን ንብረት ወርሳለች። ግንብ የለ፣ ጭጋግ የለ፣ የሸረሪት ድር የለ። ካውንቴሷ ፀሐይ ላይ ተጋድማ ትሞቃለች፣ ባሕር ውስጥ ትዋኛለች! በደም መጣጭ ሕግ ይህ አመድ የሚያደርግ ነው። ፍራንኮ ሕጉን ረስቶት አይደለም፣ ንቆት ነው። ሚራንዳ ቀይ መሐረብ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ዝም ብላ ካሜራውን ስታይ ታሪኩ ምን እንደሆነ ይጠፋባችኋል፣ ግድም አይሰጣችሁም። ሐዘን አለባት። ተርባ የምትነክስ ሳትሆን፣ ብቻዋን መቅረት ሰልችቷት የምትነክስ ሴት ናት።

ነሐሴ ውስጥ፣ በኦገስት 18 ቀን 1970፣ ፖርቱጋል ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። 27 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሙዚቃው ከፊልሙ ተለይቶ ሌላ ዕድሜ አገኘ፤ በ1995 በሲዲ ታትሞ የጭፈራ ቤት ወጣቶች ያዙት፣ ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ1997 ፊልሙ ውስጥ አንዱን ዜማ አስገባ።

ፈረንሳይ የራሷ ሰው ነበራት። ዣን ሮላን ሕፃን ሳለ ጆርጅ ባታይ፣ ያ ስለ ወሲብና ስለ ሞት የጻፈው ፈላስፋ፣ የእናቱ ወዳጅ ነበርና ማታ ማታ ተረት ይነግረው እንደነበር አውግቷል። እንደዚህ ያለ ተረት ነጋሪ ያሳደገው ልጅ ሌላ ምን ይሆናል? የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ፓሪስ ውስጥ የወጣው በግንቦት 1968 ነው፤ ተማሪው ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ፣ አገሩ ሁሉ ሲታመስ። አዲስ ፊልም የሚያወጣ አልነበረምና ሰዉ ያገኘውን ሊያይ ገባ። ታሪኩ መያዣ መጨበጫ የለውም። ተመልካቹ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ እጁ የገባውን ዕቃ ወደ ስክሪኑ ወረወረ። ቅሌቱ ስም ሆነለት።

የሮላን ፊልም ሲታይ ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንዱ በኖርማንዲ፣ ዲየፕ አጠገብ ያለው የፑርቪል ዳርቻ ነው፤ ነጭ ገደል፣ ጠጠር፣ በማዕበል የተበላ የእንጨት ምሰሶ። በልጅነቱ ያየውን ቦታ በየፊልሙ ይመለስበታል። ሌላው ከማይጠበቅ ነገር ውስጥ የምትወጣ ሴት ናት። በ1971 ፊልሙ ደም መጣጯ የምትወጣው ወለል ላይ ከሚቆም ረጅም የሣጥን ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሲደውል በሩ ይከፈትና ትወጣለች። በ1979 ደግሞ «ፋሲናሲዮን»ን ሠራ። ዘመኑ 1905 ነው፤ ባለጸጋ የፓሪስ ሴቶች ያማረ ቀሚስ ለብሰው በቄራ ቆመው የበሬ ደም በብርጭቆ ይጠጣሉ። ደም ማነስን ለማከም በዚያ ዘመን የሚታዘዝ ነገር ነበርና ከመድኃኒት ወደ ሱስ ሲያልፍ እናያለን። ብሪጂት ላኤ ጥቁር ካባ ደርባ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ማጭድ ይዛ በግንቡ ድልድይ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ላኤ የመጣችው ከወሲብ ፊልም ነው፤ ሮላን ማጭድ አስጨብጦ ሞትን አደረጋት። ኋላ በፈረንሳይ ሬዲዮ የታወቀች አቅራቢ ሆናለች።

የሮላን ተዋናዮች ትወና አያውቁም፣ ንግግሩ ይዝላል፣ ጥርሱ የፕላስቲክ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ግን ከሃመር ያማረ ቤት ይልቅ የእሱ ጠጠራማ ዳርቻ ይበልጥብኛል። ሃመር ሴቲቱን በመጨረሻ አንገቷን ቆርጦ ወንዶቹን ያሳርፋቸዋል። ሮላን ከሴቶቹ ጋር ወደ ባሕሩ ይሄዳል።

ስፔናዊው ቪሴንቴ አራንዳ በ1972 ካርሚላን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ የጠላቂ መነጽር አድርጎላት አወጣት፤ እንዲህ ያለ ድፍረት የትም አላየሁም። የአገሩ ልጅ ሆሴ ላራስ ደግሞ በ1974 እንግሊዝ ውስጥ፣ ቴምዝ ዳር ባለው በኦክሊ ኮርት ግንብ ሁለት ሴቶች መንገደኛ እያስቆሙ ወስደው ደሙን ሲመጡ ቀረጸ። የእሱ ሴቶች ሲነጋ ይሮጣሉ፤ ማንም እንጨት አይተክልባቸውም።

አሁን ወደ ኦስተንዱ ሆቴል እንመለስ፤ ካውንቴስ ባቶሪ ቁልፏን ተቀብላ ፎቅ ወጥታለች። የቤልጂየሙ ሃሪ ኩመል «የጨለማ ሴት ልጆች»ን የሠራው ለገበያው ተብሎ ነው፤ ተዋናይቱን ሲመርጥ ግን የገበያውን ልክ አለፈ። ደልፊን ሴይሪግ ቤይሩት በ1932 የተወለደች፣ በ1961 በአለን ረኔ «ያለፈው ዓመት በማሪያንባድ» የከበረች የጥበብ ፊልም እመቤት ናት። ኩመል እንደ ማርሊን ዲትሪክ አለበሳት። እሷ ደግሞ ጥርስ አላሳየችም፣ ልብሷን አላወለቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ ያ ድምፅ በእውነት የእሷ ነው። በአንድ ትዕይንት ባቶሪ በልጃገረዶች ላይ የፈጸመችውን ለሙሽራው ታወራለታለች፤ እየነካችው፣ እየዘረዘረች። ሰውዬው ሲሞቀው እናያለን። እሱ ሚስቱን በቀበቶ የሚገርፍ ሰው ነው። ካውንቴሷ ሙሽሪትን ወንድ ከሴት የሚፈልገው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ዓይነት ነገር ስትነግራት፣ ተመልካቹ ከየትኛው ጎን እንዳለ ግራ ይገባዋል።

በዚያው በ1971 በኤፕሪል ወር፣ ፅንስ ማስወረድ በፈረንሳይ ወንጀል በነበረበት ጊዜ፣ 343 ሴቶች «እኔም አድርጌያለሁ» ብለው ስማቸውን በመጽሔት አሳተሙ። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ሲሞን ደ ቦቩዋር ናት። ከፈራሚዎቹ አንዷ ደልፊን ሴይሪግ ናት። ሌላዋ ካትሪን ደነቭ፣ እሷም በ1983 «ረሃቡ» በተባለ ፊልም ደም መጣጭ የሆነችው። ሕጉ በ1975 ተቀየረ። ሴይሪግ በኋላ ራሷ ዳይሬክተር ሆነች፤ ተዋናይ ሴቶችን ፊት ለፊት አስቀምጣ ምን ዓይነት ሚና እንደሚሰጧችሁ ንገሩኝ ብላ ጠየቀች፤ ፊልሙን «ቆንጆ ሁኚና ዝም በዪ» አለችው። በ1975 ሻንታል አከርማን ብራሰልስ ውስጥ ድንች የምትልጥ፣ አልጋ የምታነጥፍ መበለት አድርጋ ቀረጸቻት። ያ ፊልም፣ «ዣን ዲልማን»፣ በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት ተቺዎችን ሰብስቦ ባስመረጠው የዘመናት ሁሉ ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል።

ገበያው ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1974 «ኤማኑኤል» የተባለው ፊልም ወሲብን ያለ ንክሻ ይዞ ወጣ፤ ሰልፉ መንገድ ዘጋ። የባሰውም ወዲያው ተከተለ፤ ፈረንሳይ በ1975 መጨረሻ በወሲብ ፊልም ላይ ከባድ ግብር ጣለች። ንክሻ ምሳሌ መሆኑ ቀረ፤ ነገሩን በቀጥታ የሚያሳይ ካለ በምሳሌ የሚያወራ ማን ይፈልጋል? ሮላን እንጀራው እንዳይቋረጥ በሌላ ስም የወሲብ ፊልም ሠራ። ሃመርም ወደ ቴሌቪዥን ሄደ። ሴይሪግ በ1990 ሞተች፤ ፒትና ሮላን በ2010 መጨረሻ፣ አንድ ወር ባልሞላ ልዩነት።

እንግዲህ ማየት የሚፈልግ ሰው ፊልሞቹን ዛሬ ተጠግነው በጥራት ያገኛቸዋል። ለልጅ አይሆኑም፣ ለሁሉም አዋቂ ሰውም አይሆኑም። ካያችሁ ግን የስም ዝርዝሩን አትመኑ። «ካውንቴስ ድራኩላ» ላይ የምትሰሙት ድምፅ የኢንግሪድ ፒት አይደለም። «የሰይጣን ጭምብል» ላይ የምትናገረው ባርባራ ስቲል አይደለችም። «ቫምፒሮስ ሌስቦስ» ሲጀምር ደግሞ ሱዛን ኮርዳ የሚል ስም ይመጣል። እንዲህ የምትባል ሴት የለችም። ስሟ ሶሌዳድ ሚራንዳ ነው፤ የሴቪያ ልጅ ናት፣ ፊልሙ በሲኒማ ቤት ሲታይ በሕይወት አልነበረችም።